የደጋው ግጦሽ ጦም አላደረም

ስለ መሬት በሚጻፉ መግለጫዎችና ዕቅዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ቃል አለ፤ እሱም «ጦም ያደረ» የሚለው ነው። ማረሻ ያልገባበት መሬት፥ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፥ በዚህ ቃል ሥር ይመዘገባል። መዝጋቢው ክፉ አስቦ አያደርገውም። የተሰጠው ቅጽ ለሚታረሰው፥ ለደኑና ለመኖሪያው ስፍራ ከፍሎ ለግጦሹ ሳይከፍል የቀረ እንደሆነ፥ በዐይኑ ያየውን የከብት ሜዳ አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ አለበትና ከመጨረሻው ዓምድ ያሳርፈዋል። ዳሩ ግን ቃል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጦም አደረ የተባለ ሁሉ የሚያጎርሰው ይፈለግለታል። ዘንድሮ ጦም ያደረ ተብሎ የተጻፈው ሜዳ ለከርሞ «ወደ ልማት የሚገባ» ይባላል፤ በሦስተኛው ዓመት በሬ ይጠመድበታል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል በተራራው ላይ ትልም ሆኖ ይገኛል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ከዚህ ቃልና በዚህ ቃል ስም ከሚደረገው ሥራ ጋር ነው። ማረስን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ ይህ ሕዝብ በማረሻ የኖረ፥ ዛሬም በማረሻ የሚኖር ነውና። የምንለው ይህን ነው፤ የደጋው የግጦሽ አፈር የሚስማማው ሥራ አለው፤ ለምን ሥራ እንደሚስማማ የሚወስነውም አፈሩ እንጂ የቅጹ ዓምድ አይደለም።

ነገሩን በደፈናው እንዳናወራው አንድ አገር እንያዝ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚሄድ መንገደኛ ከ2,800 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ እየወጣ የሚሄድ ሰፊ ደጋ ያገኛል፤ በስተ ሰሜን ይህ ደጋ ወደ መንዝ ይቀጥላል። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ውሃ አቁሮ ይጨቀያል። በመስከረም ማገጡ ያብባል፤ አገራችን ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች ያሏት መሆኗንና ከነሱም ጥቂቶቹ በሌላ አገር የማይገኙ መሆናቸውን መንገደኛው ላያውቅ ይችላል፤ በጎቹ ግን ያውቃሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የካቲት ሲገባ ሁሉም ደርቆ ይገረጣል። በዚህ በመጨረሻው ወራት በመኪና የሚያልፍ ሹም ሜዳውን ባዶ ነው ብሎ ቢፈርድ አንደነቅም፤ ከመኪና መስኮት የታየ መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ከመኪናው ወርዶ በሦስት ቦታ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የመጀመሪያውን ከጋራው ጫፍ ላይ ቢያስቆፍር፥ አካፋው ገና ሳይጠልቅ ከዐለት ጋር ይጋጫል፤ ባላገሩ ጭንጫ የሚለው ይህ ነው። ሁለተኛውን ከተረተሩ ላይ ቢያስቆፍር፥ ጥቁር፥ ልም፥ በእጅ ሲይዙት የሚቀል፥ ሥር የተሰገሰገበት አፈር ያወጣል። ሦስተኛውን ከታች ከጨፌው ቢያስቆፍር፥ እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ ዋልካ ይገጥመዋል፤ ይህ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፥ በክረምት አብጦ ውሃ አላሰርግም ይላል። ሦስቱም ለዐይን ጥቁር ናቸው። ሦስቱም በመዝገብ ላይ «ጦም ያደረ» ናቸው። በጠባያቸው ግን የሦስት አገር ሰዎች ያህል ይራራቃሉ።

ስለ መካከለኛው፥ ስለ ተረተሩ አፈር፥ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ አፈር ነውና። የአፈር ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን አንዶሶል ይሉታል፤ ስሙ ከጃፓን ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጉሙ ጥቁር አፈር ማለት ነው። ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ድንጋይና ዐመድ፥ በብርድና በእርጥበት ውስጥ የተሠራ ነው። ብርዱ የሞተው ሣርና ሥር ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚከለክለው ብስባሹ ከዘመን ወደ ዘመን ይከማቻል፤ ከአፈሩም ማዕድን ጋር ተጣብቆ አፈሩን ያጠቁረዋል። ውሃ ሲዘንብበት እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ምንጭ በበጋ እንዳይነጥፍ የሚያደርገውም ይህ ጠባዩ ነው።

እንግዲህ ጥቁር አፈር ያየ ሰው «ይህማ ለም ነው፤ ምን ይጠበቃል?» ይላል። ጥቁርነቱ ግን አታላይ ነው። ናይትሮጂኑ በማይበሰብሰው ብስባሽ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ነው፤ ፎስፈረሱንም አፈሩ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል እንጂ ለሰብል አይለቅም፤ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም አብዛኛውን ለራሱ ያስቀራል። ሣሩ በዚህ ይኖራል፤ ሥሩ ብዙ፥ ፍላጎቱ ጥቂት፥ ጊዜው ረጅም ነውና። ገብስ ግን በአምስትና በስድስት ወር ውስጥ በቅሎ፥ አብቦና አፍርቶ መጨረስ አለበት፤ ይህን ያህል የሚታገሥበት ጊዜ የለውም። ከዚህም የከፋ አለ። ይህ አፈር ተገልብጦ በፀሐይና በነፋስ አንድ ጊዜ ከልቡ ከደረቀ ወደ ቀድሞው እርጥበቱ በቀላሉ አይመለስም፤ እንደ ዱቄት ይሆንና ውሃው በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ቀላል በመሆኑም የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ አንሳፍፎ ይወስደዋል።

ገበሬው ይህን ሁሉ ሊቃውንት ሳይጽፉት ያውቅ ነበር። ማስረጃችን በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ በሸኖና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሲሠራበት የኖረው ጋይ ነው፤ ጓይ የሚሉትም አሉ። ገበሬው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሳረፈውን መሬት በበጋ ደጋግሞ ይገለብጠዋል፤ ከነሥሩ የወጣውን የአፈር ጓል እየሰበሰበ በየቦታው ይከምራል፤ ከክምሩ ውስጥ ኩበት ወይም ገለባ አግብቶ እሳት ይለኩስበታል። እሳቱ ሳይነድ እየጤሰ ለብዙ ቀን ይቆያል። በኋላ የተቃጠለውን አፈር በማሳው ላይ በትኖ ገብስ ይዘራል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያማረ ይሆናል፤ የሁለተኛው ያንሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘሩን እንኳ የማይመልስ ስለሚሆን መሬቱ እንደገና ለረጅም ዘመን ይተዋል።

ስለዚህ አሠራር በየስብሰባው «ኋላ ቀር» የሚል ፍርድ ሲሰጥ ሰምተናል። እኛ ግን ኋላ ቀር ከማለታችን በፊት ምን እንደሚነግረን ብንጠይቅ ይሻላል እንላለን። እሳቱ የታሰረውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በከፊል ይፈታል፤ የሚያጣብቀውን አፈር አብስሎ እንደ አሸዋ ያደርገውና ውሃው እንዲሰርግ ያደርጋል፤ የአረሙን ዘር ያቃጥላል። ለዚህም የሚከፈለው ዋጋ ብስባሹ ነው፤ ዘመን ያከማቸው ብስባሽና አብዛኛው ናይትሮጂን ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ባላገሩ ይህን ዋጋ የከፈለው ወዶ አይደለም፤ ሳያቃጥሉት የማያበላ አፈር ስለሆነ ነው። እንግዲህ ገብስ ለማውጣት መቃጠል ያለበት አፈር ስለ ራሱ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክርነት ይስጥ? ውሉም የጸናው ዕረፍቱ ረጅም በነበረ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ሲበዛና ማሳው ሲጠብ ዐሥራ አምስቱ ዓመት ሰባት፥ ሰባቱ አራት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጋይ ማቃጠል ከጥሪት አልፎ ከዘር እህል መብላት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ውሃው ይመጣል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አጠገብ አንዲት ጥድ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ ጥዱ ተቆጥሮ አንዲት ብቻ ከቀረችበት አገር በቀር ማን እንዲህ ያለ ስም ያወጣል? በዚህ ስፍራ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ተፋሰስ፥ እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊስ አገር ሊቃውንት ጋር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሥር የመለኪያ ጣቢያ ተከፍቶ በየዝናቡ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ቆይቷል። የፕሮግራሙ መሪ የነበሩት ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ግምት፥ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በያመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ሲታጠብ፥ ከግጦሽ መሬት የሚታጠበው 5 ቶን ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ሰማዩ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው በላዩ ላይ ሣር መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ቶን ለብዙ ሰው የሚጨበጥ ነገር አይደለምና በሌላ መለኪያ እንናገረው። 42 ቶን ማለት ከሄክታሩ ሁሉ ላይ በያመቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አፈር መግፈፍ ነው፤ እንደ አንዶሶል ያለው ቀላል አፈር ደግሞ በዚያው ክብደት ከዚህም የወፈረ ንጣፍ ያጣል። አፈሩ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው በሃምሳ ዓመት ግማሹ ሄደ ማለት ነው። አያቱ ያረሰውን የልጅ ልጁ በዐለት ላይ ያርሳል። ተፈጥሮ በያመቱ የምትሠራው አዲስ አፈር፥ እኚሁ ሊቅ እንደ ገመቱት፥ በአገራችን እንደየቦታው ከ2 እስከ 22 ቶን ነው። ከፍተኛውን ብንወስድላት እንኳ የምናባክነውን ግማሽ ጥቂት ብቻ አለፍ ብላ ነው የምትመልሰው።

ይህን የሚያህል ነገር ስንናገር «ታዲያ ምን ዓይነት መሬት ይታረስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ሲጠየቅ የቆየ ነው። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው አመዳደብ መሬትን በስምንት ደረጃ ከፍሎ፥ እስከ አራተኛው ያለው በየደረጃው ጥንቃቄ እየተደረገለት ሊታረስ እንደሚችል፥ ከአምስተኛው ወዲያ ያለው ግን ለግጦሽ፥ ለዛፍ ወይም ለአራዊት መኖሪያ እንደሚሆን ወስኗል። በተለይ አምስተኛውን ደረጃ ልብ እንበል። ይህ መሬት ዳገት አይደለም፤ አፈሩም መታጠብ እምብዛም አያሰጋውም፤ ነገር ግን ውሃ የሚተኛበት ወይም ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ሣሩን ይዞ መቅረት ይገባዋል ተባለ። ጨፌያችን ይህ ነው። «ሜዳ ነው፤ ደልዳላ ነው፤ ታዲያ ለምን አይታረስም?» ለሚለው ሰው መልሱ እዚህ አለ። እርግጥ ነው፥ ዋልካውን ሰፋፊ መደብ እያወጡ ውሃውን በማፋሰስ ስንዴና ጤፍ ያበቀሉበት አገር አለ፤ ያ ግን ከዚህ ዝቅ ባለው፥ ውርጭ በማያገኘው አገር የተሠራ ሥራ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ በጥቅምት ሌሊት ውርጭ ቁልቁል ወርዶ የሚተኛው ከዚሁ ከጨፌው ላይ ነው፤ ውሃውን ብናፋስሰው ብርዱን የት እናፋስሰዋለን?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የመሬት ምዘና መመሪያ አንድ ትልቅ ነገር አስተምሯል። መሬት በጠቅላላው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይባልም፤ የሚጠየቀው ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ ነው፤ ተስማምቶም ሳይጎዳ የሚዘልቅ መሆኑ ይታያል። ለገብስ የማይስማማው ለበግ በጣም የሚስማማ ሊሆን ይችላል። «ጦም ያደረ» የሚለው ቃል ይህን ጥያቄ ከመነሻው ይሰርዘዋል፤ ለገብስ ካልሆነ ለምንም አይደለም የሚል ፍርድ በውስጡ ይዟልና።

በሕግ በኩል የተሠራውን አንዘነጋም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፥ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፥ ለዛፍ፥ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲሆን፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም በእርከን ካልሆነ በቀር ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የተዳፋቱ ልክ በሕግ መነገሩ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ተዳፋት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ጨፌው ተዳፋት የለውም፤ ከጋራው ራስ ላይ ያለውም ጭንጫ ብዙ ጊዜ ደልዳላ ነው። ተዳፋት የሚለካ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ሁለቱንም «ይታረስ» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል፤ አካፋ የያዘ ግን አያልፋቸውም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። ከሁሉ የሚከብደው ስለ ወጣቱ የሚነሣው ነገር ነው። «የገበሬ ልጅ መሬት አጥቶ ሥራ ፈቶ ሲዞር፥ ይህ ሁሉ ሜዳ ለከብት ይተው ትላላችሁን?» ይሉናል። ይህን ቃል በቀላሉ አናልፈውም፤ ወጣቱ በእውነት ተቸግሯል፤ በየቀበሌው የጋራ ግጦሽ ተቆርሶ ለወጣቶች የተሰጠውም ከዚህ ጭንቅ የተነሣ ነው። ነገር ግን ከተረተሩ ላይ ግማሽ ሄክታር ቆርሰን ብንሰጠው የሰጠነው ምንድን ነው? ሁለት ዓመት ገብስ፥ በሦስተኛው ዓመት ገለባ፥ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ወጣቱ እንደገና መሬት አልባ ይሆናል፤ አሁን ግን የአባቱ በሬ የሚሰማራበትም አይኖርም። ይህ ሁለተኛው ጉዳት በሒሳብ ሲገባ አናይም። ታች ያለውን የአባቱን ማሳ የሚያርሰው በሬ ክረምቱን የሚያሳልፈው በዚያ ሜዳ ነበር። ሜዳው ሲጠፋ በሬው ይከሳል፤ በሬው ሲከሳ እርሻው ይዘገያል፤ ከብቱ ሲያንስ እበቱ ያንሳል፤ የተገኘውም እበት ኩበት ሆኖ ለማገዶ ስለሚሄድ ማሳው ያለ ፍግ ይቀራል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እናስተምራለን፤ በዕቅዳችን ግን ላሚቱን ከዋለችበት አባርረን ማሳው ፍግ እንዲያገኝ እንጠብቃለን።

ታዲያ ወጣቱ ምን ያግኝ? ሣሩን ያግኝ እንላለን። ሣር ሰብል ነው። ከሱሉልታና ከሰንዳፋ ሜዳ የሚታጨደው ድርቆሽ ለአዲስ አበባ ወተት ላሞች በገንዘብ እየተሸጠ ስንት ቤት እንዳቆመ ከከተማው ሰው ይልቅ ነጋዴው ያውቀዋል። የደብረ ብርሃን ደጋ ጨፌ ለተወሰነ ወራት ከከብት ተከልሎ ቢታጨድ የሚሰጠው ድርቆሽ ብዙ ነው፤ አጭዶ፥ አድርቆ፥ አስሮ መሸጥም ለወጣት ማኅበር የሚሆን ሥራ ነው። የመንዝ በግስ? ብርዱን የሚችል፥ በቀጭን ሣር የሚኖር፥ ጠጉሩ ባና ሆኖ የሚያሞቅ በግ ለዚሁ አፈር የተሠራ እንስሳ ነው። ወጣቱ ሃያ በግ የሚያደልብበት ብድርና የድርቆሽ ሜዳ ቢያገኝ፥ ግማሽ ሄክታር ጭንጫ ካገኘው ጓደኛው ይልቅ በዐምስተኛው ዓመት ደኅና ሆኖ የምናገኘው ይመስለናል።

ሁለተኛው ወገን «ግጦሹ እኮ ራሱ ተራቁቷል፤ የሁሉ የሆነ የማንም አይደለምና ለአንድ ሰው ሰጥተነው ቢታረስ ይሻላል» ይላል። የመጀመሪያውን ግማሽ እንቀበላለን። በክረምት እርጥብ ዋልካ ላይ ከልኩ በላይ ከብት ሲረግጥ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ሣሩ ከሥሩ ይመነጠራል፤ የከብቱ መሄጃ ቦረቦር ይሆናል። ይህንን ያላየ የለም፤ እኛም ከብት መሬት አይጎዳም አላልንም። ነገር ግን ሥርዓት በማጣት የታመመውን መሬት ማረሻ አይፈውሰውም። የሚፈውሰው ሥርዓት ነው፤ የጋራ መሬት ሥርዓት ሊኖረው እንደሚችል ደግሞ መንዝ ጓሳ ምስክር ነው።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፥ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣር አገር ነው። ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበት፥ ገመድ ከሚገመድበት ከጓሳ ሣር ነው። ከሱ የሚነሡት ውሆች በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፥ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ይህን አገር አቅኚ አባቶች ከተባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለርስቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት እንደ ነበረ ይነገራል። ሥርዓቱ ውስብስብ አልነበረም። ሣሩ ለሦስት፥ ለአምስት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ለሚበልጥ ዓመት ይከለከላል፤ ከብትም ማጭድም አይገባበትም። ሣሩ መድረሱን ሽማግሌዎች ካዩ በኋላ በበጋው ወራት ቀን ተቆርጦ ይነገራል፤ ሰዉ ወጥቶ ያጭዳል፥ ከብቱን ያሰማራል፤ ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። የየወገኑ አለቃ ይመረጣል፤ ጠባቂ በተራ ይወጣል፤ ደንብ ያፈረሰ ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም የቃል ኪዳኑ ምስክር ነበረች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ፥ በርስት ላይ የቆመው ቄሮ አብሮ ወደቀ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ያመጣ አዋጅ ነውና እንዲቀር አንመኝም፤ ቄሮም ቢሆን ከአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነውን ሰው በውጭ ያስቀር ነበርና ነቀፋ የለበትም አንልም። ዳሩ ግን ጠባቂው ሲነሣ ጓሳው የፈለገ ሁሉ የሚያጭደውና የሚያሰማራበት ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያስደንቀው። የአካባቢው ሕዝብ የዘር ሐረጉን ትቶ፥ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ፥ የድሮውን የመዝጋትና የመክፈት ልማድ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። ጓሳም የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ታወቀ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም የሚታዩበት ይህ ሜዳ፥ ገበሬው ቤቱን የሚከድንበትንም ሣር ይሰጣል። እንግዲህ ይህ በ«ጦም ያደረ» ዓምድ ይጻፍን? ሦስት መቶ ዓመት የሠራ መሬት ነው። እግረ መንገዳችንንም፥ ተፈጥሮን ለመጠበቅ ሰውን ማስወጣት ብቻ መፍትሔ ነው ለሚሉትም ይህ መልስ እንደሚሆን እናሳስባለን፤ ጓሳን የጠበቀው ሣሩ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ ጥቂት ብለን እንለፍ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ የገበሬው ባንክ ሆኗል፤ ከተራቆተ ገደል ላይ፥ ሣር እንኳ ካልያዘው ቦረቦር ዳር ሲተከል አንቃወምም። ከምንጭ ራስና ከጨፌ መካከል ሲተከል ግን እንቃወማለን። ቶሎ የሚያድገው ውሃውን ቶሎ ስለሚጠጣው ነው፤ ከሥሩም ማገጥ አያበቅልም። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ ዛፍ ይተከል ወይ አይተከል ሳይሆን፥ የቱ አፈር ላይ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመዝገቡ ላይ «ግጦሽ» የሚል ራሱን የቻለ ዓምድ ይከፈት፤ በሥሩም ጭንጫ፥ ተረተርና ጨፌ ተለይተው ይጻፉ። የጋራ ግጦሽ ተቆርሶ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያው ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስቆፍር፤ የአፈሩን ጥልቀት፥ ውሃ የሚተኛበትን ወራትና ውርጭ የሚወርድበትን ጊዜ ይጻፍ፤ እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከጉድጓዱ ስለማያገኛቸው የአገሩን እረኞችና ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ከነፊርማቸው ከማኅደሩ ጋር ያያይዝ። መሬቱ የተሰጠ እንደሆነ ለምን ሥራ እንደተሰጠ በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ለድርቆሽ የተሰጠው በሌላ ዓመት ታርሶ እንዳይገኝ ነው።

መምህራንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በደጋው አገር ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ከአጠገቡ ግጦሽ አያጣም። ተማሪዎቹ ስለ አፈር ከመጽሐፍ የተማሩ እንደሆነ፥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ሜትር ይዘው ይውጡ፤ ከሜዳው አንድ፥ ከጎኑ ካለው እርሻ አንድ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ የጥቁሩን አፈር ውፍረት በሁለቱም ለክተው በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉት። ሲጨርሱ ጉድጓዱን መልሰው መድፈን እንዳይረሱ፤ የሰው ከብት እግሩ ይሰበርበታል።